የኤሌክትሪክ ግብይት ለመማር ከየት ልጀምር?

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ደጃችን ላይ ስቆም የነፋስ ተርባይኖቹ ሲዞሩ ይታዩኛል፤ ፍላጎቱም ያደረብኝ ከዚያ ነው። ኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከእኛ ኃይል የምትገዛው በውል ነው። እኔ መማር የምፈልገው ግን እንደ አውሮፓው ኖርድ ፑል ያለውን፣ የነገው ኃይል ዛሬ በጨረታ የሚሸጥበትን ገበያ ነው።

ደብተሬ ላይ አምስት ማመንጫዎችን ከርካሹ ወደ ውዱ ደረደርኩ። ፍላጎቱን የሚሞላው የመጨረሻው ማመንጫ ዋጋ ለሁሉም እንደሚከፈል ገባኝ። ዋጋው ከዜሮ በታች ሲወርድ ግን ጭልጥ ብሎ ጠፋብኝ። ሻጩ ራሱ እየከፈለ ለምን ያመነጫል?

ኮርሶቹ በዶላር ናቸው፣ አቅሜ አይፈቅድም። ኤክሴል ግን በደንብ እችላለሁ። በነፃ በሚገኝ የዋጋ ዳታ ልለማመድ ወይስ መጀመሪያ ስለ ኃይል ሥርዓቱ ላንብብ? በሥራው ያለፋችሁ፣ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ።