ከባሕር ዳር ሜዳ ወደ አልፕስ ዳገት፦ በአራት ወር እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፣ ከ«ዓባይ ማዶ»

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ የ41 ዓመት ሰው ነኝ። ብስክሌት ለእኔም እንደ ብዙው የከተማችን ሰው መጀመሪያ የትምህርት ቤት፣ ኋላም የሥራ መመላለሻ ነበር፤ ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ ግን ያገለገለ ኮርሳ ገዝቼ በሳምንት ሦስት ቀን ገና ባጃጆቹ መንገዱን ሳይሞሉት እወጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መራዊ ደርሼ እመለሳለሁ።

በፈረንሳይ፣ ግሬኖብል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በሰኔ መጨረሻ መጥቼ እንድጠይቀው ጋብዞኛል። ከእርሱ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሮማንሽ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ቡር ዱዋዛን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከዚያ ተነሥተን በመጀመሪያው ቀን አልፕ ዱዌዝን፣ ጉልበት ከተረፈን በሌላ ቀን ጋሊብዬ የተባለውን ከፍ ያለ የተራራ መተላለፊያ እንድንወጣ አስቧል። የአልፕ ዱዌዝ ዳገት 13.8 ኪሎ ሜትር እንደሚረዝምና በአማካይ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ እንደሚል አንብቤአለሁ። እኔ የማውቀው ትልቁ ዳገት ደግሞ ቤዛዊት ነው፤ እርሱም ገና ትንፋሼ ሳይስተካከል ያልቃል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ተራራ በሌለበት ከተማ ለተራራ የሚዘጋጁት እንዴት ነው? የብስክሌቴ ማርሽ ከፊት 53 እና 39፣ ከኋላ ከ11 እስከ 25 ጥርስ ነው፤ ይበቃል ወይ? ደግሞስ የተራራው ከፍታ ትንፋሽ አያሳጣኝም?

መልስ፣ ከ«ሊዮን ነዋሪ»

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ለእርሱ መጨነቅ የለብዎትምና። ባሕር ዳር ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአልፕ ዱዌዝ መድረሻም 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ሰው ላቡን እያንጠፈጠፈ የሚደርስበት የተራራ ጫፍ እርስዎ ጠዋት ጠዋት ቡና ከሚጠጡበት ከጣና ዳር ጋር እኩያ ነው ማለት ነው። ቡር ዱዋዛን ደግሞ 720 ሜትር ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከለመዱት ይልቅ ወፍራም ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ በባሕር ዳር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ እዚያ ግን ከ90 በመቶ ያልፋል። ከለመዱት ከፍታ በላይ ጉልህ ሆኖ የሚወጡት ጋሊብዬ ላይ ነው፤ እርሱ 2,642 ሜትር ነው።

የሚያስቸግረው ዳገቱ ዕረፍት የማይሰጥ መሆኑ ነው። በጣም ከባዱ ክፍል ደግሞ መጀመሪያ ላይ፣ ላ ጋርድ እስከምትባለው መንደር ድረስ ያለው ነው፤ 10 በመቶ ገደማ ነው። መንገዱ 21 ኩርባዎች አሉት፤ ቁጥራቸው ከታች ከ21 ጀምሮ ወደ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በየኩርባው ላይም በዚህ ዳገት ላይ የቱር ደ ፍራንስን ውድድር ያሸነፉ ሰዎች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። በ21ኛው ላይ ያለው ስም የጣሊያናዊው የፋውስቶ ኮፒ ነው፤ ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ በወጣበት በ1952 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሸነፈ እርሱ ነበርና። ብዙ ሰው ያንን ሰሌዳ ሲያይ ልቡ ይሞቅና ጉልበቱን እስከ ላ ጋርድ ጨርሶ ቀሪውን 11 ኪሎ ሜትር ሲሰቃይ ይውላል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጡ ማውራት በሚችሉበት ፍጥነት ይውጡ። ኩርባዎቹ ላይ መንገዱ ለጥቂት ሜትሮች ለዘብ ስለሚል ውኃ የሚጠጣው እዚያ ነው።

መልስ፣ ከ«አሮጌው መካኒክ»

ልጄ፣ በዚያ ማርሽ አትሂድ። ምክንያቱን በሒሳብ ላሳይህ። በ39 እና በ25 ጥርስ ፔዳሉን በደቂቃ 70 ጊዜ ብታዞር ብስክሌቱ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ8 በመቶ ዳገት ላይ ይህንን ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት የተወዳዳሪ እንጂ ከሥራ በፊት ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጉልበት አይደለም። ፊት 34፣ ኋላ 32 ቢሆን ግን በዚያው 70 ዙር በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ትሄዳለህ፤ ዳገቱንም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትጨርሳለህ። ይህንኑ ዝግ ያለ ፍጥነት ባለህ ማርሽ ልሂድበት ብትል ፔዳልህ በደቂቃ 50 ዙር እንኳ አይሞላም፤ ሁሉም ነገር ጉልበትህ ላይ ይጫናል። ጉልበት ስል መገጣጠሚያውን ነው፤ ካመመህ በኋላ ማርሽ ብትቀይር አይረዳህም።

መቀየሩ ግን እንደምታስበው ቀላል አይደለም። ፊት 39 ጥርስ ያለበት ብስክሌት ብዙ ጊዜ የማርሹ ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእርሱ ላይ ከ38 ያነሰ ጥርስ አይገባም። 34 ጥርስ የሚቀበለው 110 የሆነው ነው። ብሎኖቹ አምስት ከሆኑ ማስመሪያ ያዝና ጎን ለጎን ባሉት በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ለካ፤ 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 130 ነው፣ 65 ገደማ ከሆነ 110 ነው። ኋላ 32 ማስገባትም ክንዱ ረዘም ያለ የማርሽ መቀየሪያና ረዘም ያለ ካቴና ይጠይቃል። ለክተህ ጻፍልኝ።

መልስ፣ ከ«ዘንባባ»

ጋሼ ስለ ማርሹ በተናገሩት እስማማለሁ። ስለ ልምምዱ እኔ ልጨምር፤ እኔም በባሕር ዳር ሜዳ ተለማምጄ ተራራ የወጣሁ ነኝና።

ብዙ ሰው «ተራራ ከሌለህ በነፋስ ተለማመድ» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ከቀትር በኋላ ከጣና ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ከመሸንቲ ወደ ከተማ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥምዎታል፤ በዚያ ላይ ሳያቋርጡ ለ20 ደቂቃ በእኩል ጉልበት መንዳት፣ አምስት ደቂቃ አርፎ መድገም፣ ከሳምንታት በኋላም ወደ ሦስት ዙር ማሳደግ ልብንም ሐሳብንም ለረጅም ዳገት ያዘጋጃል። ሆኖም ሜዳ ላይ ለአፍታ ፔዳል ቢያቆሙ ብስክሌቱ በራሱ ግፊት ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ግን ወዲያው ይቆማል። እግር እያንዳንዱን ዙር ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ መግፋትን የሚማረው በእውነተኛ ዳገት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤዛዊትን አይናቁት፤ በቀላል ማርሽ፣ ከወንበር ሳይነሡ፣ እየወረዱ ደግመው ደጋግመው ይውጡት። አሰልቺ ነው፣ አልክድም።

መንገዱ ሰላም በሆነበትና ጊዜ ባገኙበት ቀን ደግሞ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭነው ወረታ ይሂዱና ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ይውጡ። ወረታ 1,830 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአማካይ ሲታይ 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ የአልፕ ዱዌዝ ሩብ ነው፤ ነገር ግን መነሻው የፎገራ ሜዳ በመሆኑ ከፍታው የሚመጣው ሜዳው ካለቀ በኋላ ነው። ደብረ ታቦር ከጋሊብዬ ጫፍም በጥቂቱ ትበልጣለች፤ እዚያ ያልከዳዎት ትንፋሽ ፈረንሳይ ላይ አይከዳዎትም።

ምግብንም ይለማመዱ። በማር የታሸ በሶ በትንንሹ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ፤ ከታሸጉት ጣፋጮች ይልቅ ሆዴ ይቀበለዋል። ሳይርብዎ በየግማሽ ሰዓቱ ይቅመሱ።

መልስ፣ ከ«ሊዮን ነዋሪ»

ስለ ቁልቁለቱ ማንም አላነሣም፤ ለሜዳ ሰው አደገኛው ግን እርሱ ነው። ፍሬኑን ይዘው ሳይለቁ ከላይ እስከ ታች አይውረዱ። የፍሬኑ ሸራ ቸርኬውን የሚነካ ከሆነ ሙቀቱ ተጠራቅሞ ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል፤ ከካርቦን የተሠራ ቸርኬ ደግሞ በሙቀት ሊበላሽ ይችላል። ከኩርባው በፊት በሁለቱም ፍሬኖች ጠንከር አድርገው ይቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ ይልቀቁ፣ ዐይንዎን ከጎማዎ ፊት ሳይሆን ወደ መውጫው ይጣሉ።

በሰኔ መጨረሻ ሸለቆው ሊሞቅ ይችላል፤ ሆኖም በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ጋሊብዬ ጫፍ ላይ ከቡር ዱዋዛን በ12 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ ሲወርዱ ነፋሱ ይጨመርበታል። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬን አይዝም። ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ይያዙ። ወደ ጋሊብዬ ሲሄዱ ላውታሬ ወደሚባለው መተላለፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ዋሻዎች ስላሉ የፊትና የኋላ መብራትም ያስፈልጋል።

ከ«ዓባይ ማዶ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ለካሁት፤ 76 ሚሊ ሜትር ነው። ያሉት ሁሉ እንዲቀየር ከተፈለገ ወጪው ብስክሌቱን ከገዛሁበት ሊበልጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ቡር ዱዋዛን ላይ ኮርሳ የሚያከራዩ ሱቆች እንዳሉ ነግሮኛል፤ መከራየቱ አይሻልም?

መልስ፣ ከ«አሮጌው መካኒክ»

ተከራይ። ስትመዘገብ ከፊት 34፣ ከኋላ ቢያንስ 32 ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ፔዳልህንና ወንበርህን ግን ፈትተህ ሻንጣህ ውስጥ ክተት፤ ለአራት ወር የለመድከው ወንበር ሌላ ቦታ አይገኝም። ከመፍታትህ በፊት ከፔዳሉ ክንድ መዞሪያ መሐል እስከ ወንበሩ አናት ያለውን ርዝመት ለክተህ ጻፍና ያዝ፤ እዚያ በዚያው ልክ ያስሩልሃል። የግራው ፔዳል የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር መሆኑን አትርሳ፤ ስንቱ ሰው በተቃራኒው እየታገለ የፔዳሉን ብሎን ጥርስ ልጦ ወደ እኔ ያመጣል።