የአክሱም ሳንቲም፦ ወርቁ በግሪክኛ፣ መዳቡ በግዕዝ፤ ለምን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላለው የንባብ ክበባችን ስለ አክሱም ሳንቲሞች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ቋንቋው እንደ ብረቱ የሚለያየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወርቁ በአዱሊስ ወደብ በኩል ለውጭ ነጋዴ ይወጣል፤ መዳቡ አገር ቤት ገበያ ይዞራል። ግን መዳብም በግሪክኛ የወጣበት ጊዜ አለና «ሁሌም» ብለሽ እንዳትጽፊ። መዳቡ ላይ ያለው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚለው ጽሑፍ ግሪክኛ ነው። ንጉሥ በእጅ በሚያዝ ገንዘብ ሕዝቡን ሲያባብል ማየት ድንቅ ነው!

መልስ፦ እህቴ፣ ንባቡ ላይ ተጠንቀቂ። የሳንቲሞቹ ግዕዝ በአብዛኛው አናባቢ የለውም፤ «በዘመሰቀለ ተመወአ» ተብሎ የተቀረጸው «በዝ መስቀል ትመውእ» (በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ) ነው። ከዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች አንዱ ግን ካዕቡም ሳልሱም ተለይቶለታል።

መልስ፦ ዘመኑን ከምልክቱ ለዩ፦ የዒዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞች ጨረቃና ክብ፣ የኋለኞቹ መስቀል አላቸው። የካሌብ ወርቅ በ6ኛው ክፍለ ዘመንም ግሪክኛ ነው።