የድርጅትን ችግር በአደባባይ መናገር ትግሉን ይጎዳል ወይስ ያድናል?

አወያይ፦ ለዴሞክራሲ የሚታገል ፓርቲ አባል አመራሩን በአደባባይ ይተች ወይስ ትችቱ በስብሰባ ውስጥ ብቻ ይቅር? ፍረጃውን ትተን በአሠራር ላይ እንነጋገር።

መርዕድ፦ በውስጥ ብቻ ይቅር ባይ ነኝ። አራት ፓርቲዎች የመሠረቱት ቅንጅት በግንቦት 1997 ምርጫ ያን ያህል ድምፅ አግኝቶ፣ መሪዎቹ ሐምሌ 1999 ከእስር ሲፈቱ ጠቡ በመግለጫና በሬዲዮ አደባባይ ወጣ። በ2000 ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለእነ አቶ አየለ ጫሚሶ ሰጠ፤ እነ ብርቱካን ሚደቅሳ «አንድነት» ብለው እንደገና መጀመር ነበረባቸው። ጥር 2007 ደግሞ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው አንድነትና መኢአድም (የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት) በቦርዱ ውሳኔ ለሌላ ቡድን ተሰጡ። ገመናውን ያወጣ ድርጅት ዳኛውን ራሱ ይጠራል።

ሕሊና፦ ጋሽ መርዕድ፣ የጠቀሱትን ማንም አይክድም። ነገር ግን ቦርዱ እጁን የሚያስገባው በየት በኩል ነው? ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው «ጉባኤ ጠርቻለሁ፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» ብለው ሲቀርቡ የሚለየው የአባላት መዝገብ ነው። መዝገቡ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ፣ የጉባኤተኛው ቁጥር በደንቡ ካልተወሰነ፣ ቃለ ጉባኤው የተፈረመው ከስብሰባው ሳምንታት በኋላ ከሆነ፣ ሥልጣን ያለው አካል የወደደውን ወገን «ሕጋዊው ይህ ነው» ለማለት ምን ይከለክለዋል?

«በውስጥ ተናገሩ» የሚለው ምክር የሚሠራው ውስጡ መናገሪያ ሲኖረው ነው። የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። አባሉ አቤቱታውን ለሥራ አስፈጻሚው ይጽፋል። የተተቸው ሥራ አስፈጻሚው ነው፤ አጀንዳ የሚይዘውም እሱው። «በቀጣዩ ስብሰባ ይታያል» ይባላል፤ ሁለት ሦስት ስብሰባ ያልፋል። በመጨረሻ ደብዳቤው ይሾልካል፤ ክስ የሚመሠረተውም ደብዳቤው ባነሳው ጥያቄ ላይ ሳይሆን በመሹለኩ ላይ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ደንቡ ላይ ነው። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጥ፣ ተጠሪነቱም ለጉባኤው ይሁን፤ የሥራ አስፈጻሚ አባል አይግባበት። አቤቱታ የሚያስገባ ሰው ቀንና ቁጥር ያለው መረከቢያ ይሰጠው። በ30 ቀን የጽሑፍ መልስ ካላገኘ በአደባባይ የመናገር መብቱ በደንቡ ይጠበቅለት። ሌላው፣ ብዙዎች የሚንቁት፣ የልዩነት ሐሳብ ነው። በድምፅ የተሸነፈ ሰው «ተቃውሜአለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ በቃለ ጉባኤው ላይ ካስመዘገበና ያም ለአባላት ከደረሰ፣ ጋዜጠኛ ፍለጋ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ተብሎ ከተጻፈበት ግን ስሙ ባላመነበት ነገር ውስጥ ገብቷል፤ ያን ጊዜ ዝም በል ማለት ግፍ ነው።

ዳዊት፦ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1968 በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ዴሞክራሲያዊ መብት ያለ ገደብ ይሰጥ አይሰጥ የሚል ክርክር ይካሄድ ነበር። ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) «ያለ ገደብ» ባይ ነበር። ይኸው ድርጅት የከተማውን የትጥቅ እርምጃ የተቃወሙትን የራሱን የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት «አንጃ» ብሎ አገለለ። ድርጅቱ ኅቡእ እንደነበር፣ ደርግም እንደሚገድል አልዘነጋሁም። ግን ለሕዝቡ የተጠየቀው መብት በራስ ቤት ሲደርስ ገደብ ወጣለት።

ከዚያ ዘመን የወረስነው «ሂስና ግለ ሂስ» ስሙ ያማረ ነው፤ አሠራሩ ግን ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ሆነ። ተራው አባል ተነስቶ ድክመቱን ይናዘዛል፣ አመራሩ መድረክ ላይ ተቀምጦ ይመዘግባል፣ የተመዘገበውም ነገ መክሰሻ ይሆናል። ይህ ይገልበጥ። ግምገማው ከሊቀ መንበሩ ይጀምር፤ የሚገመገመው የሰው ጠባይ ሳይሆን ውሳኔ ይሁን፦ ምን ተወሰነ፣ በማን፣ በምን መረጃ፣ ምን ውጤት አመጣ፣ ስንት ብር ወጣበት። ኑዛዜ አይጠየቅ።

ሰብለ፦ «ሰርጎ ገብ» የሚለውን ቃል ሳንነካ ማለፍ አንችልም። ሰርጎ ገብ መኖሩ እውነት ነው፤ መንግሥታት ያስገባሉ። ቃሉን ለተቺ ሁሉ መለጠፍ ግን እውነተኛውን ሰርጎ ገብ ይደብቀዋል፤ እሱ አመራሩን አጥብቆ የሚያወድስ ሊሆን ይችላልና። ከሳሹ ማስረጃውን በጽሑፍ ያቅርብ፣ ተከሳሹ አይቶት መልስ ይስጥ፣ እስኪወሰን ከኃላፊነቱ አይነሳ። ማስረጃ ያላቀረበ ከሳሽም ይጠየቅበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

መርዕድ፦ የልዩነት ሐሳቡንና የኮሚቴውን ጉዳይ እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እይዛለሁ። አንደኛ፣ አደባባይ የማይወጣው በደንቡ ተዘርዝሮ ይቀመጥ፦ የአባላት ስምና አድራሻ፣ መሰብሰቢያ ቦታ፣ ለአደጋ የሚጋለጥ የረጂ ስም። የገንዘቡ መጠንና ወጪው ግን ይነገር። ሁለተኛ፣ የሕሊና 30 ቀን በምርጫ ዘመቻ ወቅት አይሠራም፤ መልሱ ሲመጣ ምርጫው አልፎ ይሆናል።

ሕሊና፦ ለዘመቻ ወቅት 7 ቀን ይሁን፣ ጋሽ መርዕድ። ኮሚቴው 5 ሰው ካለው 3ቱ ተገኝተው መወሰን ይችላሉ። ዝርዝሩንም እቀበላለሁ፤ «የድርጅቱን ገጽታ የሚጎዳ ማናቸውም ነገር» የሚል ሐረግ ግን አይጨመርበት። በዚያ ሐረግ የማይከሰስ ትችት የለም።

መርዕድ፦ ሐረጉ ይውጣ። 7 ቀኑ ግን የሚቆጠረው መረከቢያው ከተሰጠበት ቀን ነው ወይስ ኮሚቴው ከተሰበሰበበት? ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ሰው የሚጣላው በእሱ ነው።

ሕሊና፦ ከመረከቢያው። ኮሚቴው ባይሰበሰብም ቀኑ ይቆጠራል።