ሐዋሳ፣ 4ኛ ክፍል፣ 52 ተማሪ፦ የገናን ሳምንት ማንም ሳይከፋው እንዴት ላሳልፍ?

የ4ኛ ቢ ኃላፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ በመንግሥት ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ 52 ናቸው፤ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ሙስሊምም አለ። ዘንድሮ ገና ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ነው የሚውለው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያህል ልጆቹ ደስ ብሏቸው የሚወጡበት ነገር ላድርግ ብዬ አስቤያለሁ። ከኪሴ የማወጣው ብዙ አይደለም፤ ከወላጅ መዋጮ መሰብሰብም አልፈልግም። ምን ላብላቸው? ስጦታ ይለዋወጡ ወይስ ይቅር? 52 ልጅ ይዞ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ማጫወትስ ይሞከራል? ቤትም ባልና ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል፤ ማክሰኞ እስከ ማታ ሥራ ላይ ስለሆንኩ የዶሮውን ነገር እንዴት እንደማደርገው የሚያውቅ ይንገረኝ። «ኬክ ግዢና ተገላገይ» የሚለው መልስ ግን ይለፈኝ።

ጠመኔና ዳስተር

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጪ። ማክሰኞ ዋዜማ ነው፤ ግማሹ ልጅ ገበያ ተልኮ፣ ግማሹ ሽንኩርት ሲልጥ ይቀርብሻል። ዓርብ ታኅሣሥ 24 ይሻላል፤ ከ4፡00 እስከ 5፡20። ከዚያ አታሳልፊው፣ ሙስሊሞቹ ልጆች ለጁምዓ ይወጣሉ። ዕቃ መግዣሽን ደግሞ እሁድ ታኅሣሥ 19 ላይ አታድርጊው። የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ባጃጅ አታገኚም፣ ብታገኚም አይንቀሳቀስም።

ኬክ አልፈልግም ማለትሽ ልክ ነው፤ ችግሩ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቷል፣ የሚፈታው ገና ሌሊት ነው። እንቁላልና ቅቤ ያለበት ነገር ይዘሽ ከገባሽ የሚጾመው ልጅ ወይ ሌላው ሲበላ እያየ ይቀመጣል፣ ወይ ይበላና እናቱ ፊት ምን እንደሚል ይጨነቃል። የሥጋ ሳምቡሳ ደግሞ «የማን ሥጋ ነው?» ያመጣል። የጾም ምግብ ከሁለቱም ጣጣ በአንዴ ይገላግልሻል። ድፎ ዳቦ በዘይት፣ ፈንዲሻ፣ ሙዝ። የሚጾመውም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ከአንድ ትሪ ይበላል።

ሌላው፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ነውና ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጣል እንደሚል አትርሺ። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ስብከት ክፍል አይገባም። ዳቦ መቁረስ፣ ካርድ መጻፍና የገና ጨዋታ ግን ማንንም አያስኮርፍም። ለርእሰ መምህሩ ግማሽ ገጽ ጽፈሽ አስፈቅጂ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሚበላው ነገር፣ የሚጫወቱበት ሜዳ። ገናን ጨርሶ የማያከብሩ ቤተሰቦችም አሉ፤ ለምሳሌ የይሖዋ ምስክሮች። እንዲህ ያለ ልጅ ካለሽ «አልሳተፍም» ሲል ምክንያት አትጠይቂው፣ ያንን ሰዓት የሚሠራው ሌላ ሥራ ስጪው።

ኮባ በየጓሮው

ድፎውን ለኔ ተይልኝ። ለ52 ልጅ አንድ ትልቅ ዳቦ አትጋግሪ፤ መሐሉ ሊጥ ይሆንብሻል። ሁለት መካከለኛ ይሁን። ለአንዱ የሚያስፈልገው፦ 1 ኪሎ ከሩብ ፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት ሩብ ሊትር ለብ ያለ ውሃ (አንድ ሁለት ሲኒ በትርፍ ይቀመጥ፣ ዱቄት ከዱቄት ይለያያል)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አፉ የተስተካከለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ሲኒ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ።

ሐሙስ ከሥራ እንደገባሽ አቡኪው፤ ልጆችሽም እጃቸውን ታጥበው ይግቡበት፣ ማሸት ይወዳሉ። ከሩብ ሰዓት ያላነሰ ይታሽ። ሐዋሳ ሞቃት ስለሆነ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ኩፍ ይላል። «አቡክቼ ልደር» እንዳትዪ፤ በዚህ እርሾ መጠን ካደረ ይኮመጥጣል፣ ከምጣድ ሲገባም ይሰምጣል።

ኮባ ሐዋሳ ላይ ችግር አይደለም። ችግሩ እንደተቆረጠ ማንጠፉ ነው። ከጀርባው ያለውን ወፍራም አንጓ በቢላ ላጪ፣ ከዚያ ቅጠሉን በሞቀው ምጣድ ላይ ወዲህ ወዲያ አድርጊው። ቀለሙ ጠቆር ይልና እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ይህን ካላደረግሽ ይሰነጠቃል፣ ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ምጣዱ ላይ ያራል፣ ዳቦውም ጭስ ጭስ ይላል። ስታነጥፊ አንዱ ቅጠል በሌላው ላይ አራት ጣት ያህል ይደረብ።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ እሳቱ ከታች ብቻ ነውና መገልበጥ ግድ ነው። መካከለኛ ሙቀት፣ ከላይም ኮባ አልብሰሽ በአክንባሎ ክደኚው፤ 35 ደቂቃ ያህል። በሰፌድ ገልብጠሽ ሌላ 20 ደቂቃ። ኮባው ቶሎ መጨስ ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷል፤ አጥፍተሽ አምስት ደቂቃ አቆይው። መብሰሉን ለማወቅ ቀጭን ስንጥር መሐሉ ላይ ሰክተሽ ማውጣት ነው፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ ገና ነው። ትኩሱን አትቁረጪ፣ ይፈረፈራል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አሳድሪው።

አቆራረጡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ክብ ዳቦ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሲቆረጥ ዳር የደረሰው ልጅ ቅርፊት ይደርሰዋል፣ ልጆች ደግሞ ይህን ቀድመው ያያሉ። ዳቦው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው፣ አፉ 22 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳህን መሐሉ ላይ ደፍተሽ ዙሪያውን በቢላ ቁረጪ። የውስጡን ክብ 8 ቦታ፣ የውጩን ቀለበት 18 ቦታ። 26 እኩል ቁራሽ ይወጣል፤ በሁለት ዳቦ 52። ላንቺ የሚተርፍ የለም :) 

እጣ አልወድም

ስለ ስጦታው፦ የዕቃ ስጦታ ይቅር። 

ባለ ብስክሌት

ለምን ይቀራል? ከ50 ብር አይብለጥ ተብሎ ጣሪያ ቢደረግስ? ልጆች መጠቅለያ ሲቀድዱ ደስ ይላቸዋል።

እጣ አልወድም

ጣሪያው የበለጠ እንዳያመጣ ይከለክላል እንጂ ምንም ማምጣት የማይችለውን አያድነውም። ያ ልጅ ዓርብ ጠዋት አሞኛል ብሎ ይቀራል። ካርድ ግን ሁሉም እኩል ወረቀት ይዞ ነው የሚጀምረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕጣ በኮፍያ አታስወጪ፤ አንዱ የራሱን ስም ያወጣል፣ ይመለሳል፣ ጫጫታ ይሆናል። 52ቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፊ፣ በውዢ፣ ጠረጴዛ ላይ በሰልፍ ደርድሪ። እያንዳንዱ ከእሱ ቀጥሎ ላለው ይጽፋል፣ የመጨረሻው ለመጀመሪያው። ሰልፉን ደብተርሽ ላይ ገልብጪው። አንድ ልጅ ቢቀር ለእሱ ሊጽፍ የነበረው ቀሪው ሊጽፍለት ለነበረው ልጅ ይጽፋል፤ ሰንሰለቱ አይበጠስም። ረቡዕ ስም፣ ሐሙስ መጻፍ፣ ዓርብ መስጠት። ሐሙስ የተጻፈውን እዚያው ሰብስቢ፤ ቤት ከሄደ ግማሹ አይመለስም።

ጠንከር ያለ ኤ4 ወረቀት 26 ሉክ ይበቃል። ለሁለት ትቆርጪውና እያንዳንዱ ታጥፎ ካርድ ይሆናል። በውሃ ቀለም አታሠሪ፣ ወረቀቱ ይኮማተራል። እርሳስና ከለር ይበቃል። ለማሰሪያ ቃጫ ተጠቀሚ፤ ሁለት ሦስቱን ፈትል አብሮ ማክረር ነው፣ ነጠላው ይበጠሳል። ከሪባን ያምራል።

ዋናው የሚጻፈው ነው። ዝም ካልሽ ሁሉም «መልካም በዓል» ብሎ ይጨርሳል። ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፊላቸው፦ «ባለፈው ጊዜ ______ ስታደርግ/ስታደርጊ አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል።» ባዶውን የሚሞላው እውነተኛ ነገር ይሁን፤ እርሳስ ማዋስ፣ ውሃ መቅዳት፣ ክፍልፋይ ማስረዳት። ስለ መልክ፣ ስለ ልብስ፣ ቅጽል ስም ክልክል። ሲዳምኛም ወላይትኛም ቤቱ የሚነገረውን ቋንቋ መጻፍ የሚፈልግ ይጻፍ። ከማከፋፈልሽ በፊት 52ቱንም አንብቢ፤ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ ከሚያስለቅስ ቀልድ ያድንሻል። በማታውቂው ቋንቋ የተጻፈውን ለሚያውቅ መምህር አሳዪ።

ለቤተሰብም ሁለተኛ ካርድ ማሠራት ከፈለግሽ ሌላ 26 ሉክ ነው። እዚያ ላይ «እናቴ/አባቴ ሆይ፣ በዓሉ ቀን ______ እሠራለሁ» ተብሎ አንድ ሥራ ይጻፍ፦ ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ ሲኒ ማጠብ፣ ጎረቤት ዳቦ ማድረስ። ቃል ሲሆን ከአበባ ሥዕል ይበልጣል።

ፎቶ ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፊ ብዬ ልለፍ። ወላጅ አልፈቀደም።

ሩር

የገና ጨዋታ 52 ልጅ ይዞ ይቻላል፤ 52 ዱላ ይዞ ግን አይቻልም። የሚያስፈልግሽ 14 ዱላ ብቻ ነው። ስምንት ቡድን አውጪ፦ አራቱ ባለ ሰባት፣ አራቱ ባለ ስድስት። አራት ግጥሚያ ይሆናል፤ እያንዳንዱ 6 ደቂቃ። ከመቀያየሪያው ጋር 35 ደቂቃ ይበላል።

ዱላው ከጫፉ በተፈጥሮ የቆለመመ ቅርንጫፍ ይሁን፣ ቁመቱ ከልጁ ወገብ የማያልፍ፣ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ቁራጭ በሚስማር የተመታ አይሁን፤ ሦስተኛው ምት ላይ ቁራጩ ከነሚስማሩ ይበራል። ሩሩን (ኳሱን) ከእንጨት አትሥሪው፣ የአዋቂ ነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀሽ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) በቀጭኑ ቆርጠሽ ዙሪያውን ወጥረሽ ጠቅልዪው፤ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል። ጨርቅ ብቻ ከሆነ አፈር ላይ አይንከባለልም፣ ጎማው ነው የሚያስኬደው።

ሜዳው 25 በ12 ሜትር ይበቃል፤ በጠመኔ ወይም በአመድ ይሰመር። ተመልካቹ ከመስመሩ ሦስት ሜትር ይራቅ። ሕጉ አንድ ነው፦ ዱላው ከጉልበት በላይ ከወጣ ያ ልጅ አንድ ደቂቃ ውጭ ይቆማል፣ ሁለተኛ ከደገመ ለእሱ ጨዋታው አበቃ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ለድሮ ጌቶች ነው፣ የልጁ ጥርስ ከወለቀ ወላጅ ይቆጣል። ታኅሣሥ ላይ ሜዳው አቧራ ነውና ቀድመሽ ውሃ አስረጪ።

ጨዋታው ከምግቡ በፊት ይሁን። ከዚያ መታጠብ፤ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሁለት ማስታጠቢያ፣ 10 ደቂቃ። ካርድ 15፣ ዳቦ 20። ድምሩ 80 ደቂቃ ነው፣ 5፡20 ላይ ጨርሰሻል።

የ4ኛ ቢ ኃላፊ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳህኑን መድፋት አስቤውም አላውቅም ነበር። ሁለት ነገር፦ ሐሙስ ማታ መብራት ቢጠፋስ? ዶሮውንም አትርሱብኝ።

ኮባ በየጓሮው

1 ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ ቤት ይኑርሽ። በከሰል ይሠራል፣ ሲፈነዳ ከ30 ሊትር በላይ ይሆናል፣ ለ52 ልጅ ከበቂ በላይ ነው። ድስቱ ውስጥ በቆሎው ከአንድ ረድፍ በላይ አይሁን፤ ሲበዛ የታችኛው ያራል፣ የላይኛው ሳይፈነዳ ይቀራል። የተቦካው ሊጥ ደግሞ አይጣልም፣ ድስት ውስጥ ኮባ አንጥፈሽ በከሰል ላይ በትንሽ በትንሹ ትጋግሪዋለሽ፤ ክዳኑ ላይም ፍም ይቀመጥ።

ቁሌት

መምህርት፣ ዶሮውን በሁለት ማታ ይክፈሉት። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት። ሰኞ ማታ ባለቤትዎና ልጆች ይላጡ፣ እርስዎ ያድቅቁት። ያለ ዘይት፣ በዝግታ እሳት፣ ውኃው እስኪመጥና ቡናማ እስኪሆን ያማስሉ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ወጡ ይጣፍጥለታል ብሎ አይጠብቅ፤ ሽንኩርቱ ካልሟሸሸ መረቁ ለብቻ፣ ቅቤው ለብቻ ይንሳፈፋል። ከዚያ በርበሬውን ጨምረው፣ በሲኒ ውሃ ጠብ እያደረጉ ሌላ 40 ደቂቃ። ቅቤ አይግባ።

ሰኞ ማቆሙ ጥቅሙ ይህ ነው፦ ሽንኩርትና በርበሬ ብቻ ስለሆነ ቁሌቱ ጾም ነው፣ ከጾም ሰዓት በኋላ መቅመስ ይችላሉ። ማክሰኞ ማታ ዶሮና ቅቤ ከገባ በኋላ ግን ቅዳሴ እስኪወጣ አይቀመስም። ስለዚህ ጨውንና ማቃጠሉን ሰኞ ይለኩት፤ ጨውን ቀነስ አድርገው፣ ዶሮው በሎሚና በጨው ተዘፍዝፎ ስለሚመጣ ይዞ ይገባል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ከድነው ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩት፣ ጠዋት አንዴ ያንተክትኩት።

ማክሰኞ ማታ ቁሌቱን አሙቀው ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ከዚያ 12ቱን ብልት። የሐበሻ ዶሮ ከሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ የፈረንጅ ከሆነ 40 ደቂቃ በቂ ነው፣ ካለፈ ከአጥንቱ ይለያል። የተቀቀለውን እንቁላል በቢላ ጫፍ ቸፍቸፍ አድርገው መጨረሻ 10 ደቂቃ ላይ ይጨምሩ፣ መከለሻውን ከማውረድዎ በፊት። ገናው ረቡዕ ቢውልም አይጾምም፣ ስለዚህ እስከ ሐሙስ አሳድረው የሚያቆዩበት ምክንያት የለም።

የ4ኛ ቢ ኃላፊ (ጠያቂ)

አንድ የመጨረሻ፦ ለዳቦው የምደፋው ሳህን 22 ካልሆነስ? ቤቴ ያለው 20 ነው።

ኮባ በየጓሮው

20ም ይሆናል። ድፎ መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንዲያውም 20ው ይሻላል።