ድድ ላይ አጥንት የተሞላለት ልጅ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ልጄ ከንፈሯና ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው፣ ሁለቱም በህፃንነቷ ተሰፍቶላታል አልሀምዱሊላህ፣ አሁን 9 አመቷ ነው። ድዷ ላይ ግን ክፍተቱ አለ፣ ውሃ ስትጠጣ በአፍንጫዋ ይወጣል፣ ልጆቹ ያዩኛል ብላ ትምህርት ቤት ምሳዋን ሳትበላ ትመለሳለች እሱ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ዶክተሩ ከዳሌዋ አጥንት ትንሽ ተወስዶ ድዷ ላይ ይሞላል፣ ክራንቻዋ ሳይወጣ ቢሰራ ነው ጥሩ፣ ጥርሱ በተሞላው አጥንት ውስጥ አልፎ ሲወርድ አጥንቱንም ያቆየዋል አለኝ፣ ራጁ ላይ እያሳየ ስላስረዳኝ እሱ ገብቶኛል። ግን ከተሞላው የተወሰነው በጊዜ ብዛት ሊሟሽሽ ይችላል፣ አንዳንዱ ልጅ ይደገምለታል ሲለኝ ፈራሁ።

እና ልጆቻችሁ የተሰሩ፣ ወይ ራሳችሁ በልጅነት የተሰራችሁ፣ ከአመታት በኋላ አጥንቱ እንዴት ሆነ? ክራንቻው በራሱ ወጣ ወይስ በሽቦ ተጎተተ? ዳሌዋስ? ሰፈራችን ጦሳ ስር ዳገት ነው፣ አያቷ ልጅቷን ልታሽመደምዷት ነው ብለው አሻፈረኝ ብለዋል፣ የተሰራለት ልጅ ደህና ሮጦ ሲጫወት ያየ ካለ ለሳቸውም የማነብላቸው ነገር ጻፉልኝ። ጥርስ ማስተካከያ ሽቦውስ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው የታሰረላችሁ?