የ16 ዓመት ልጄ ብቻዋን ወደ ቶሮንቶ ልትበር ነው፤ ምን ምን ላዘጋጅላት?

ጥያቄ፦ እናት ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ 10ኛ ክፍል ናት። ካናዳ ያለችው እህቴ «ክረምቱን እኔ ጋ ታሳልፍ» ብላ የግብዣ ደብዳቤ ልካላታለች። ሐምሌ ሲገባ ሄዳ ጳጉሜን ሳይደርስ ትመለሳለች። እኔ ታናናሾቿን ጥዬ መሄድ አልችልም። የአባቷ ሥራ ድሬዳዋ ነው፣ ለበዓል ካልሆነ አይመጣም። ስለዚህ የምትሄደው ብቻዋን ነው።

ፓስፖርት አላት። ቪዛ ግን ገና አልጠየቅንም። የወላጅ ፈቃድ የሚባለው ደብዳቤ ምን ይመስላል? የትስ ነው የሚፈረመው? አባቷ የግድ አዲስ አበባ መምጣት አለበት? ደግሞ አየር መንገዱ ልጅ ተረክቦ እስከ ዘመድ እጅ ያደርሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በእሷ ዕድሜ ይሆናል? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ እዚያ ስትደርስ አስቁመው በጥያቄ ቢያጣድፏትስ የሚለው ነው። ጎረቤቱ ግማሹ «ትልቅ ልጅ ናት፣ ምን ትሆናለች» ይለኛል። ግማሹ «እንዴት አስቻለሽ» ይለኛል። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ትኬት ቢሮ የሠራሁ

እህቴ፣ ስለ በረራው እኔ ልንገርሽ። ልጅ ተረክቦ የማድረስ አገልግሎት አለ። ብዙ አየር መንገዶች ከ5 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ብቻውን ሲጓዝ ግድ ያደርጉታል። ከ12 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ መንገደኛ ነው የሚታየው። ወላጅ ከጠየቀ ግን የሚቀበሉ አሉ። ዕድሜውም ክፍያውም ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል። ስለዚህ ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ጠይቂ። ከተቆረጠ በኋላ መጨመር ብዙ ጣጣ አለው።

እኔ ብሆን አገልግሎቱን እጠይቅላት ነበር። 16 ዓመት ለሰፈር ትልቅ ነው፣ ለመጀመሪያ በረራ ግን ልጅ ነው። አገልግሎቱ ካለ የምትሞዪው ቅጽ አለ። የሚሸኛትም የሚቀበላትም ሰው ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጻፍበታል። እህትሽ መታወቂያ ይዛ ራሷ መምጣት አለባት። ባሏን ወይም ጓደኛዋን ብትልክ ላያስረክቧት ይችላሉ።

ሌላው፣ ርካሽ አገኘሁ ብለሽ ሁለት ቦታ አውሮፕላን የሚያስቀይር ትኬት አትያዢላት። ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አለ። በአውሮፓ በኩል ቀይሮ መሄድ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የራሱ ሕግ አለው። የሸንገን አገሮች ኤርፖርት ውስጥ ለመተላለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነን። የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ይሆናል። ቢሆንም ለብቻዋ ለምትሄድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ባይጨመርባት ይሻላል።

መልስ፦ የለቡው ጠበቃ

ወይዘሮ፣ ወደ ደብዳቤው ልግባ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያልደረሰ ነው። አሳዳሪዎቹ አባትና እናት በጋራ ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ ፊርማ ብቻውን ጎዶሎ ነው። ካናዳም የምትጠይቀው የሁለቱንም ነው።

ባለቤትዎ ግን መምጣት አይጠበቅባቸውም። እኛ ውልና ማስረጃ የምንለው የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ሌላ ድሬዳዋም አለ። እሳቸው የራሳቸውን የፈቃድ ደብዳቤ እዚያው ይፈርሙ። እርስዎ የእርስዎን እዚህ ይፈርሙ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ይያያዛሉ። ውክልና ሰጥተውዎት እርስዎ ብቻ ቢፈርሙም መንገድ ነው። እኔ ግን የአባትየው የራሳቸው ፊርማ ቢታይ እመርጣለሁ። የውጭ አገር ኦፊሰር የውክልና ወረቀት ማገላበጥ አይወድም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የልጅቷ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር። የሁለታችሁ ስም፣ አድራሻና ስልክ። የምትሄድበትና የምትመለስበት ቀን። የምታርፍበት ቤት አድራሻ፣ የአክስቷ ስምና ስልክ። «ብቻዋን እንድትጓዝ ፈቅደናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር። ቢቻል ደግሞ «ብትታመም አክስቷ ሐኪም ቤት ወስዳ እንድታሳክማት ፈቅደናል» የሚል ይጨመር። ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል። በአማርኛ ከተፈረመ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ፤ ዋናውና ትርጉሙ አብረው ይሂዱ።

ለሌሎችም አንባቢዎች፦ ወላጆች ከተፋቱ የፍርድ ቤት የአሳዳሪነት ውሳኔ፣ አንዱ በሕይወት ከሌለ የሞት ሰርተፊኬት መያያዝ አለበት። የቦሌ ኢሚግሬሽንም ሊጠይቃት ስለሚችል ወረቀቶቹ በእጅ ቦርሳዋ ይሁኑ። ሻንጣ ውስጥ እንዳይገቡ።

እናት ከቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የድሬዳዋው ነገር ትልቅ ሸክም ነው ያወረደልኝ። አንድ ነገር ግን፣ ልጄ በፓስፖርቷ ላይ በአባቷና በአያቷ ስም ነው የተጻፈችው። የእኔ ስም የትም የለም። እናቷ መሆኔን በምን ያውቃሉ?

መልስ፦ የለቡው ጠበቃ

በልደት ሰርተፊኬት። ፈረንጅ እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ጋ አባትም እንኳ ከልጁ ጋር አንድ የመጨረሻ ስም የለውም። እናንተን ከእሷ ጋር የሚያገናኛችሁ ወረቀት እሱ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ውስጥ ልደት ያስመዘገባችሁ ደግሞ ሰርተፊኬቱን የምታወጡት ካስመዘገባችሁበት ጽሕፈት ቤት ነው። አዲስ አበባ ወረዳ ሄዳችሁ ቀን አታቃጥሉ።

ሰርተፊኬቱን ሲያወጡ ሁለት ነገር በዓይንዎ ይዩ። አንደኛ የስሞቹ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ሁለተኛ የልደት ቀኑ። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በፊት፣ ማለትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የተወለደ ሰው ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ 8 ነው። ጥቅምት 2001 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ 2008 ነው የምትጻፈው። በደፈናው 8 ተደምሮ 2009 ተብሎ ፓስፖርቷ ግን 2008 ካለ፣ ቪዛ የሚመረምረው ሰው ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው የሚያየው። ማስተካከል ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ያመሳክሩት።

መልስ፦ አክስት ከቶሮንቶ

እኔም የእህቴን ልጅ ተቀብያለሁና ከዚህ ወገን ያለውን ልንገርሽ እናቴ። የጎብኚ ቪዛው ክፍያ 100 የካናዳ ዶላር፣ አሻራው 85 ነው። ከ14 ዓመት ጀምሮ አሻራ ግድ ስለሆነ ልጅቷ ራሷ አዲስ አበባ ያለው የቪዛ ማመልከቻ ማዕከል መቅረብ አለባት። ከትምህርት ቤቷ «ተማሪያችን ናት፣ መስከረም 11ኛ ክፍል ትቀጥላለች» የሚል ደብዳቤ አያይዢ። ትመለሳለች ወይ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄያቸው። የእህትሽ የግብዣ ደብዳቤ፣ የሥራና የገቢ ማስረጃዋም ይጨመር።

ኤርፖርት ላይ የሚጠይቋት ቀላል ነው። ማን ይቀበልሻል? ምንሽ ናት? የት ነው ቤቷ? ስንት ጊዜ ትቆያለሽ? እናትና አባትሽ የት ናቸው? ልጅቷን የሚያጠፋት ጥያቄው ሳይሆን ድንጋጤው ነው። የኛ ልጆች ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን የምትደብቀው ያላት ይመስላል። ቀና ብላ፣ ዓይን እያየች፣ አጭር መልስ ትስጥ። ያልገባትን «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ትበል። አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም መብቷ ነው። ቤት ውስጥ አባቷ በስልክ ኦፊሰር ሆኖ ይጠይቃት፣ ትለማመድ።

ኦፊሰሩ እህትሽ ጋ ወይም አንቺ ጋ ሊደውል ይችላል። ስለዚህ ያን ሌሊት ስልክሽ ክፍት ይሁን፣ ቻርጅ ይኑረው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋ ትያዝ። ስልኳ ባትሪ ቢዘጋ ምን ልታደርግ ነው?

መልስ፦ የለገጣፎ ልጅ

እትዬ፣ እኔ 17 ዓመቴ ላይ ብቻዬን በርሬያለሁ። ማንም ያልነገረኝን ልንገርዎት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። እኔ ሲያርፍ የደረስን መስሎኝ ቦርሳዬን አውርጄ ተነሳሁ። አጠገቤ የነበሩ እናት «ቁጭ በል ልጄ፣ ገና ነው» አሉኝ። ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሯት፣ ሆስተሷ ውረዱ ካላለች ከመቀመጫዋ አትነሳ።

ሰዓቱንም ያሳዩአት። ትኬቱ ላይ 22:30 ካለ ከምሽቱ 4:30 ማለት ነው። በኛ አቆጣጠርና በትኬቱ መካከል ስንት ሰው ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ እህት ከኮዬ ፈጬ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ጋ የምትኖር የ17 ዓመት የእህቴ ልጅ አለች። አንድ ደላላ «ዕድሜዋን 21 አስደርጌ ፓስፖርት አወጣላታለሁ፣ በጉብኝት ቪዛ ገብታ እዚያ ሥራ ትይዛለች» ይላል። ቤተሰቦቿ ከብት ሸጠው ሊከፍሉት ነው። ይሄስ እንዴት ነው?

መልስ፦ የለቡው ጠበቃ

እህቴ፣ ዛሬ ደውይና ከብቱ እንዳይሸጥ አድርጊ። ይሄ ጉዞ አይደለም። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ለሥራ ሊላክ አይችልም። የሚላከውም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ ስምምነት ወዳለባቸው አገሮች፣ በተመዘገበ ውል ነው። ዕድሜ አስጨምሮ፣ በጉብኝት ቪዛ ሸፍኖ ሴት ልጅ ለሥራ የሚወስድ ሰው በሰው መነገድ ወንጀል ነው የሚጠየቀው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን ይመልከቱ።

ልጅቷ ላይ የሚመጣውን አስቢው። ፓስፖርቷ 21 ካለ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ቢደበድቧት፣ ደመወዝ ቢከለክሏት፣ ልጅ ናት ብሎ የሚከላከልላት የለም። ቪዛዋም የሥራ አይደለም፣ ስለዚህ ውል የላትም። ኤምባሲ ብትሄድ እንኳ መጀመሪያ ማንነቷን ማስረዳት አለባት። ቤተሰቦቿን አትሳደቢ፣ ችግር ነው ያነሳሳቸው። ቁጭ ብለሽ ይህን አንብቢላቸው። ደላላውን ደግሞ ለፖሊስ አመልክቺ። ሌላ ሰው ቤት መሄዱ አይቀርም።

መልስ፦ አክስት ከቶሮንቶ

የጠበቃውን ቃል አጸናለሁ። እናት ከቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አንቺ ልመለስና አንድ ነገር አደራ። ልጅሽ ልትሄድ መሆኑ ሲሰማ ጎረቤቱ «ይቺን ለእህቴ ስጪልኝ» እያለ ፌስታል ይዞ ይመጣል። በርበሬ ነው፣ ሽሮ ነው ይሉሻል። የሰው ዕቃ አንዲትም አትቀበዪ። የደረቀ ጫት ሻይ ቅጠል ተብሎ ሲላክ ስንት ሰው አስጠይቋል። ካናዳ ውስጥ ጫት ክልክል ነው። ሻንጣውን አንቺና እሷ አብራችሁ እሰሩት። ምን እንዳለበት አንድ በአንድ ትወቅ። ቋንጣ አይግባ፣ ሥጋ ይወሰድባታል። በሶና ዳቦ ቆሎ ካለ ምግብ ይዣለሁ ብላ ታሳውቅ፣ አትደብቅ።

እናት ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ዕድሜ ይስጥልኝ። አባቷ ሰኞ ድሬዳዋ ውልና ማስረጃ ሊሄድ ነው። ሰርተፊኬቷን አየሁት፣ ቀኑ ልክ ነው፣ የአያቷ ስም ላይ ግን አንድ ፊደል ይለያል፤ ነገ ወረዳ እሄዳለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ በረራዋ ማታ ቢሆን ከዚህ በስንት ሰዓት እንነሳ?

መልስ፦ ትኬት ቢሮ የሠራሁ

ከበረራው 4 ሰዓት በፊት ቦሌ ድረሱ። የምሽት 4:30 በረራ ከሆነ 12:30 ላይ ተርሚናል 2 በር ላይ መሆን አለባችሁ። ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ በኩል ያ ሰዓት ሰው ከሥራ የሚመለስበት ነው፣ ከባድ መኪናውም ይበዛል። 10 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። መኪናውን ከዋዜማው ተነጋግራችሁ ያዙት፣ ዳር ላይ በመጨረሻ ደቂቃ ራይድ ላይገኝ ይችላል። ሸኚ ከበር ነው የሚመለሰው። ተረክቦ የማድረሱን አገልግሎት ካገኘሽ ግን ቅጹን የምትፈርሚው ቼክ ኢን ላይ ስለሆነ እንዲያስገቡሽ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ መታወቂያሽን ያዢ። አውሮፕላኑ እስኪነሳም ከኤርፖርቱ አካባቢ አትራቂ፤ በረራው ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ የሚደውሉት አንቺ ጋ ነው።