የልቦለዴ አምባገነን ከእውነተኞቹ አነሰብኝ፤ ምን ላድርግ?

የማታ ጸሐፊ፦
የስላቅ ልቦለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አምባገነኑ የዓመቱን የመጀመሪያ ወር በራሱ፣ አራተኛውን በእናቱ ስም ይሰይማል። ይህን የጻፍኩ ዕለት ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ። ጓደኛዬ አንብቦ «ይህማ ተደርጓል» አለኝ፤ ቱርክሜኒስታን፣ ፕሬዚዳንት ኒያዞቭ፣ እ.ኤ.አ. 2002። በወርቅ የተለበጠ ሐውልቱም ፊቱን ከፀሐይ ጋር ያዞር ነበር አሉ። ሰረዝኩት። በምትኩ ራሱ ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ የሚጭን መኮንን አስገባሁ። ለካ የመካከለኛው አፍሪካው መሪ ቦካሳ እ.ኤ.አ. በ1977 ቀድሞኛል! እያጋነንኩ መስሎኝ ዜና ስዘግብ ከርሜአለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይጋነናል?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ማጋነኑን ተወው። ወሩ ስሙ ሲቀየር አስቀድሞ የታተመው የቀን መቁጠሪያ የት ገባ? የልደት መዝገብ ጸሐፊው እጁ ለምዶት የድሮውን ስም ቢጽፍስ? በእናቲቱ ወር ለመውለድ የደረሰች ሴት ፈቃድ ያስፈልጋታል? ሳቁ ያለው ከመስኮቱ ወዲህ፣ ከቢሮው ውስጥ ነው።

አልስማማም፦
ይህ ምክር ሰውየውን በነጻ ያሰናብተዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረው ይበቃል፤ ቢያንስ በልቦለድ ይከሰስ እንጂ። ፊርማው የእሱ ነው፤ እስር ቤቱም የእሱ። የመዝገብ ጸሐፊ ላይ መሳቅ ቀላል ነው።

የድሮ አራሚ፦
ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በማተሚያ ቤት ፊደል በማረም ነው፤ ስለዚህ የሚታየኝ አራሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ቻውሼስኩ የሩማንያ ፕሬዚዳንት ሲሆን በትረ መንግሥት ጨብጦ ብቅ አለ። ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ለበትሩ የአድናቆት ቴሌግራም ላከለት፤ የፓርቲው ጋዜጣም ሹፈቱን እንደ ምስጋና ቆጥሮ አተመው። በዳሊ ብዙም አልስቅም። ያንን ጽሑፍ ግን ከመታተሙ በፊት ያነበበ አንድ ሰው ነበር። ገብቶት ከሆነ ለማን ይናገራል? «አለቃ፣ ይህ ቀልድ ነው» ማለት እኮ በትሩ እንደሚያስቅ መመስከር ነው። ከላይ የጻፉት ወዳጄም አልተሳሳቱም፤ ሰውየው ነጻ አይወጣም። አራሚው እስክሪብቶ ሲያነሳ እጁን የሚያንቀጠቅጠው ማን ሆነና?

የማታ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እንቅልፍ ነሱኝ። ዘውዱንም ሐውልቱንም አውጥቼ አንድ አራሚ አስገባሁ። ለበዓሉ የሚሰቀል ጨርቅ ላይ የሚታተም መፈክር ቀረበለት፤ «ለዘላለም ይግዙን» ይላል። የፊደል ስህተት የለውም። ሊያሳልፈው ሲል እጁ ቆመ። ይግዙን ማለት ይንገሡብን ነው ወይስ እንደ ዕቃ ይሸምቱን? ስንት ዓመት ሲያሳልፈው የኖረ ቃል ነው፤ ዛሬ ወርቁ ታየው። ቢጠይቅ «እንዴት እንዲህ ልታስብ ቻልህ?» ይሉታል፤ ዝም ቢል ነገ ሌላ ሰው ያየዋል። አምባገነኑ በምዕራፉ ውስጥ የለም፤ ፎቶግራፉ ብቻ ከግድግዳው ላይ ያያል። አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አራሚው እስክሪብቶውን እንዳነሳ ነው፣ እኔም የእኔን።